«አንተ» ያልኩት አሰልጣኝ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አጥንት ነው። ስለ ደምም ትንሽ አለበት። ዋናው ጉዳይ ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሰልጣኝ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ብጠራው ደስ አይላቸውም።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። መቼም እዚህ ሪያድ የምንኖር ሰዎች የመኖሪያ ፈቃዳችን በሂጅራ፣ ደሞዛችን በፈረንጅ፣ ጾማችን በአበሻ ሆኖብን ሦስቱን ስናምታታ ነው የምንውለው።

እኔ በሙያዬ ራጅ አንሺ ነኝ። ሪያድ ሆስፒታል ውስጥ ስሠራ 17 ዓመት ሞላኝ። ሰው ወድቆ ይመጣል፣ ተጋጭቶ ይመጣል፤ «ትንፋሽህን ያዝ» እላለሁ፣ አነሳለሁ፣ «ተንፍስ» እላለሁ። ሙያዬን የምነግራችሁ ልመጻደቅበት አይደለም። ቆይታችሁ እንደምትሰሙት፣ የማፍረው በእሱው ነው።

በ2012 ሴት ልጄ 8 ዓመቷ ነበር። የለንደን ኦሎምፒክ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ስትወስድ ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከታች የሚኖረው ግብጻዊ ጎረቤታችን «ምን ሆናችሁ?» ብሎ በር አንኳኳ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሩጫ አየን። ሣራ አጣር የምትባል ወጣት ጸጉሯን ሸፍና፣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አድርሳ፣ ለሳዑዲ አረቢያ 800 ሜትር ሮጠች። በኦሎምፒክ አትሌቲክስ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሳዑዲ ሴት እሷ ናት። በጊዜው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ሯጭ ነበረች። የገባችው ከሁሉም በኋላ፣ በ2 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ከ95 ነው፤ ከፊተኛዋ ከ40 ሰከንድ በላይ ዘግይታ። ስታዲየሙ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት። ልጄ «አባዬ፣ መጨረሻ ለወጣችው ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት መሮጥ ጀመረች።

እንግዲህ ልጅን በሪያድ ማስሮጥ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። በበጋ ቴርሞሜትሩ 45ን ያልፋል። መንግሥት ራሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀትር እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። እኛ የምንወጣው ከዒሻ ሶላት በኋላ ነበር፣ ንጉሥ አብደላ መንገድ ላይ ወዳለው የእግረኛ መራመጃ። አሰልጣኟ እኔው ነበርኩ። ሥልጠና ከተባለ ማለቴ ነው፤ ስልኬ ላይ ሰዓት እይዛለሁ፣ «ቶሎ በይ!» እላለሁ፣ ስትደክም «ገና ነሽ» እላለሁ። በ2022 ሪያድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ማራቶን ስታዘጋጅ አብሮ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበረውና ልጄም ገባችበት። በልብሷ ላይ የተለጠፈው ቁጥር እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣችን ላይ አለ።

በዚያው ዓመት 12ኛ ክፍል ጨረሰች። እዚህ ቤተሰብ ያላችሁ ቀጥሎ ያለውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። በ2017 በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሪያል ተብሎ የተጀመረው፣ የውጭ አገር ሠራተኛ አብሮት ላለ ቤተሰቡ ለመንግሥት የሚከፍለው የቤተሰብ ክፍያ በ2020 400 ደርሷል። ሚስትና ሁለት ልጅ ማለት በዓመት 14,400 ሪያል ነው። ልጅቷ ለዩኒቨርሲቲ አገር ቤት ስትገባ እናቷና ወንድሟም አብረው ገቡ። እኔ፣ ማቀዝቀዣውና ቁጥሩ ቀረን።

አካውንቲንግ ተመደበች። ከትምህርቷ ጎን ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ለመሮጥ ሄዳ ተመዘገበች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በኢሞ ስትደውልልኝ ታለቅሳለች። በሪያድ ወንዶችን ትቀድም የነበረችው ልጅ ከሁሉም ኋላ ሆናለች። ይባስ ብሎ አሰልጣኙ «ለዚህች ልጅ አንድ ወር ሰዓት አይያዝባትም» ብለዋል። እኔ የሰማሁት «ጥለዋታል» ብዬ ነው።

ነገሩ ሌላ ነበር። ሪያድ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልጄ የሄደችበት ከተማ 2,500 ሜትርን ያልፋል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እዚያም ያው 21 ከመቶ ነው፤ የሚያንሰው አየሩን ወደ ሳንባ የሚገፋው ግፊት ነው። 2,500 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናል። ሰውነት ይህን ሲያውቅ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ እሱም መቅኔውን «ቀይ የደም ሕዋስ ጨምር» ይለዋል። ትእዛዙ የሚወጣው በሰዓታት ውስጥ ነው። ሥራው ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ ቆላ የቆየ ሰው ደጋ ወጥቶ በሦስተኛው ቀን ሰዓት ቢያዝበት የሚለካው አቅሙን ሳይሆን ያልደረሰለትን ደም ነው። ልጅቷ በዚያ ወር ሰዓቷን ብታይ ኖሮ «ሯጭ አይደለሁም» ብላ ትተወው ነበር። እኔ ብሆን እይዝባት ነበር። በወሩ ማብቂያ አሰልጣኙ ፊሽካቸውን ነፍተው «ዛሬ ካንቺም ይያዛል» አሏት። ከመሐል ገባች።

ስለ ደም ካነሳን ሻዩንም ልንገራችሁ። በሁለተኛው መንፈቅ ልጅቷ ትፈዝ፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታ ጀመር። አሰልጣኙ ክሊኒክ ላኳት፤ የብረት እጥረት ተገኘባት። የብረት እጥረት በሴት ሯጮች ላይ የተለመደ ነው፤ በወር አበባ ይሄዳል፣ በላብም ጥቂት ይሄዳል። ክኒኑን ሐኪም አዘዘ። አሰልጣኙ ግን ካፌ ገብተው አዩዋትና ከሽሮው ጎን ያለውን ሻይ አነሱት። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ታኒን ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከጎመን የምናገኘውን ብረት ይይዘውና ሳይጠቅመን እንዲያልፍ ያደርገዋል። ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፤ በምትኩ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ቲማቲም ይበላበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያግዘዋል። ለሪያድ ልጅ ሻይ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ልጄ ተናደደችባቸው፤ እኔም አብሬያት ተናደድኩ። ሰውየው ስለ ሩጫ እንጂ ስለ ገበታ ምን አገባቸው አልኩ።

አሁን ወደ አጥንቱ ልግባ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር 18 ቀን ሲቀረው ነው። ልጄ 5 ሺህ ሜትር ልትሮጥ ነው። እኔ በደስታ ሰክሬ ከሁለት ወር ቁጠባዬ ስፓይክ ጫማ ገዝቼ በሰው እጅ ልኬያለሁ። ጫማው የደረሰ ዕለት አሰልጣኙ ልጅቷ ስታሟሙቅ ቀኝ እግሯን ስትሰርቅ አዩ። አስቀምጠው አገዳዋን በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች እየተጫኑ ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ጮኸች። ከዚያ ቦታ በላይም በታችም ምንም አይላትም። በአንድ እግሯ እንድትዘል አደረጓት፤ አልቻለችም። «አትሮጪም» አሏት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ልጆቻችሁ የሚሮጡ ካሉ ይጠቅማችኋል። አገዳው በሙሉ ቢያም፣ ሕመሙም ስታሟሙቁ እየላላ ቢሄድ፣ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋንና ጡንቻው ተቆጥቶ ነው። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚሸፈን ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ስትሮጡ ከባሰ፣ በኋላም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ስንጥቅ ይጠረጠራል። ሐኪሞች ስትሬስ ፍራክቸር ይሉታል። አጥንት ሕያው ነገር ነው፤ አሮጌውን የሚቆፍሩ ሕዋሳት አሉት፣ አዲሱን የሚገነቡ አሉት። ሪያድ ላይ አስፋልት ሲጠገን አይታችኋል፤ የተጎዳውን መጀመሪያ ይቆፍሩታል፣ ከዚያ አዲሱን ያፈሱበታል። ተቆፍሮ ሳይፈስበት ከባድ መኪና ቢለቀቅበት ምን ይሆናል? የልምምድ ጫና በድንገት ሲጨምር አጥንት ላይ የሚደርሰው ያ ነው። ቆፋሪው ይቀድማል፣ ገንቢው ይዘገያል፣ መንገዱ ግን ክፍት ነው።

ለእኔ የደረሰኝ ዜና «ኮች ከለከለኝ» የሚል ነው። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ሥራ የለኝም። ደወልኩላቸው።

መጀመሪያ በአክብሮት ነበር። «ኮች፣ ራጅ ትነሳ» አልኳቸው። «ትነሳ» አሉ። ተነሳች፤ ፊልሙን በስልክ ላኩልኝ፤ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ደግሜ ደወልኩ። «ራጁ ንጹሕ ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ነው» አልኳቸው።

«ሥራዎ መሆኑን ልጅቷ ነግራኛለች» አሉኝ። «እንግዲያው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል?»

አድማጮቼ፣ አይታይም። እኔ ለተለማማጆች በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው። ስትሬስ ፍራክቸር ሲጀምር ራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይወጣም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ አጥንቱ ራሱን መጠገን ሲጀምር ነው ምልክት የሚሰጠው። ቶሎ የሚያየው ኤም አር አይ ነው። «ራጅ ላይ ምንም የለም ማለት አጥንቱ ላይ ምንም የለም ማለት አይደለም» እያልኩ ጣቴን እያወዛወዝኩ የምናገረው እኔው ነኝ። በዚያ ቀን ግን የራጅ ባለሙያ አልነበርኩም፤ ጫማ የገዛ አባት ነበርኩ።

«አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በአንድ ወር ከምናምን ቶኪዮ ላይ ሮጦ አሸንፏል!» አልኳቸው።

«ሜክሲኮስ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አበበ የእግሩን አጥንት እየታመመ ነበር ወደ ማራቶኑ የገባው። 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ወጣ። ያን ቀን ኢትዮጵያን ያዳናት የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነው፤ ወርቁን እሱ አመጣ። እንግዲህ ሁለት ወርቅ ያለው የዓለም ሰው አጥንቱን በወኔ ማለፍ ካልቻለ፣ የ20 ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ እንዴት ትለፈው? መልስ ሳጣ የተናገርኩትን ልንገራችሁ።

«አንተ ማን ነህና ነው የልጄን ዕድል የምትዘጋው?»

አማርኛችን ለስድብ ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በዕድሜ የሚበልጠኝን፣ ልጄን በየማለዳው 12 ሰዓት ላይ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚቀበላትን ሰው፣ ከ«እርስዎ» በአንድ ጊዜ አውርጄ «አንተ» አልኩት። በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማኛል፤ ሜዳ ላይ ነበሩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እርስዎ ተቆጥተዋል። ሌላ ቀን እንነጋገር። ደኅና ይዋሉ።»

«እርስዎ» ነው ያሉኝ።

ልጄ ውድድሩን ከዳር ሆና የጓደኞቿን ቱታ ይዛ ተመለከተች። በ22ኛው ቀን ሁለተኛ ራጅ ተነሣች። ፊልሙ የደረሰኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነው፤ በሰፊው ስክሪን ከፈትኩት። አገዳዋ ጠርዝ ላይ፣ ልክ አውራ ጣቱ ያረፈበት ቦታ፣ ክር የምታህል ነጭ ጥላ አለች፤ አዲስ አጥንት ነው። አጥንቱ ተሰንጥቆ እየጠገነ ነበር። 5 ሺህ ሜትር ማለት 12 ዙር ተኩል ነው። በስፓይክ ሮጣበት ቢሆን ስንጥቁ ዘልቆ ሊሰበር ይችል ነበር፤ እንዲያ ሆኖ የመጣ አገዳ በእጄ አንስቻለሁ፣ ብረት የገባበት። ከጎኔ ያለችው ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ «የማን ነው?» አለችኝ። «የአንዲት ሯጭ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ያላወቅኩት ነገር እንዳለ ከባለቤቴ ሰማሁ። አሰልጣኙ ስንጥቁ ለምን መጣ ብለው ጠይቀው ነበር። ጫናው ብቻ ነው ወይስ ልጅቷ ትበላለች? ይህን በራሳቸው አፍ አልጠየቋትም፤ ረዳታቸውን፣ አንዲት ሴት አሰልጣኝ ላኩ። ልጄ ቀለል ብላ ለመሮጥ ራት እየዘለለች፣ የወር አበባዋም ለአራት ወር ቀርቶ ኖሯል። እንግዲህ ይህንንም ልብ በሉልኝ፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ። ሰውነት የሚገባለት ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስበት መጀመሪያ የሚያጠፋው የወር አበባን የመሰለውን ነው፤ ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶታል። «ሯጭ ናት፣ ስለዚህ ይቀርባታል» እየተባለ ብዙ ዘመን ታልፏል። አሰልጣኙ ለእኔ ሳይሆን ለእናቷ ነው የደወሉት። ይህንንም እኔ ሳልሰማ።

ታዲያ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ምን ተብሎ ነው የሚመሰገነው? አትሌቱ ወርቅ ሲያመጣ ምስጋና ቀላል ነው። በቆጂን አስቡ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የሐረር ልጅ ናቸው፣ የስፖርት መምህር ሆነው በቆጂ ደረሱ። ከዚያች ከተማና ከዙሪያዋ የወጡት ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ብቻ ከ1992 እስከ 2012 ድረስ ዘጠኝ የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። በ2012 ከተማዋ ላይ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ አሰልጣኙን ዓለም አያቸው። እኔ ፊልሙን ሳይ ያሰብኩት ስለ ሌሎቹ ነው፤ በዚያ ጭቃ ላይ በየማለዳው ስለሚሮጡትና ወርቅ ስለማያመጡት በመቶዎች ስለሚቆጠሩ ልጆች። ለእነሱስ ያው ፊሽካ አልተነፋም? ያው ጉልበት አልታየም? የእነሱ ወላጆች ምን ይዘው ይሂዱ? የአትሌቲክስ አሰልጣኙ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በ2016 ሲያርፉ ሀገር አዝኖላቸዋል፤ ስለ እሳቸው የተነገረው መልካም ነገር ሁሉ ግን በሕይወት ሳሉ ጆሯቸው ገብቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛ መቼም ሰውን የምናመሰግነው ድንኳን ተተክሎ ነው።

ወላጅ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚገባው። የኃይሌ ገብረሥላሴ አባት ልጃቸው ሩጫውን ትቶ እንዲማርላቸው ይፈልጉ እንደነበር ራሱ ኃይሌ በየመድረኩ ተናግሮታል። አባትን አልፈርድበትም፤ እሱ ቆሞ ካየው ውጪ ያለውን ዓለም የሚያየው ሌላ ሰው ነው። የእኔ ግን የባሰ ነበር፤ እኔ ሩጫን ወድጄ ልጄን ረሳሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስልክ ልልክላቸው ነው፤ ደኅና ስልክ። ልጄ «አባዬ ተው» አለች። ባለፈው ዓመት የአንዱ ሯጭ ወላጅ ከምርጫ በፊት ስጦታ ልኮላቸው በመጣበት መልሰውታል። እውነት ነው፤ ውድድር ከመድረሱ በፊት የሚሰጥ ስጦታ ምስጋና መሆኑ ያበቃል። አሰልጣኙ ልጁን ቢያሰልፉት «ተቀብለው ነው»፣ ቢያስቀሩት «ጉቦ ሰጥቶ ነበር፣ አልጠቀመውም» ይባላል። ልጁም ጓደኞቹ ፊት አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ስልኩን ተውኩት። በጠሃ ገበያ ወርጄ 10 ካርቶን ሱከሪ ተምር ገዛሁ፣ ለቡድኑ ብዬ። ሱከሪ የቃሲም ተምር ነው፤ አፍ ውስጥ እንደ ስኳር ይሟሟል። ከማለዳ ልምምድ በፊት ሁለት ሦስት ፍሬ ቶሎ ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድም አይከብድም።

ከተምሩ የከበደኝ ድምፅ መልእክቱ ነው። አራት ጊዜ ቀርጬ አራት ጊዜ አጠፋሁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ውለታዎ አለብኝ» ብቻ ብል ለማንም የሚባል ነው። በመጨረሻ እንደ ሥራዬ አደረግኩት፤ ያየሁትን አንድ በአንድ። «ኮች፣ አንድ ወር ሰዓት ስላልያዙባት። ሻይዋን ስላነሱባት። አውራ ጣትዎን አገዳዋ ላይ ስላሳረፉ። ራጁ ንጹሕ ነው ስልዎ ስላላመኑኝ። ለእናቷ ሲደውሉ ለእኔ ስላልደወሉ። እኔ ደግሞ ያን ዓርብ ‹አንተ› ብዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።» ላኩት። ወጥቼ ረጅም መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

ለሁለት ቀን መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን ማታ የ20 ሰከንድ ድምፅ መጣ። ከኋላ ልጆች ይሳሳቃሉ፣ የሆነ ሰው «ኮች፣ እኔ አልደረሰኝም» ይላል። ስለ «አንተ»ው አንድም ቃል የለበትም። እንዲህ ነው የሚለው፦

«ጌታዬ፣ ተምሩ ደርሷል፣ ልጆቹ ወደውታል። ልጅቷ ዛሬ 20 ደቂቃ ሮጣለች፤ ተጭኜ አይቻታለሁ፣ አላመማትም። ሻዩን ግን አሁንም ከምሳ ጋር ነው የምትጠጣው። እኔን እንቢ ብላኛለች፤ እስቲ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ወዲያው ደወልኩላት። ስኳሩን ስታማስል ማንኪያው ይሰማኛል።